ነፋሱ የቆመ ዕለት

ግቡ ልጆቼ፣ ግቡና ቦታ ያዙ። አልጋውም ላይ ቢሆን ተቀመጡ፤ ዛሬ ጁምዓ ነው፣ የሚያባርረን የለም። ሳባ፣ ከኤሲው ሥር ዞር በይ፣ አንገትሽን ይይዝሻል። ማዳሞቻችሁ እስኪደውሉ ድረስ ስለ አንዲት ልጅ ላጫውታችሁ።

ትሁት ትባላለች። አታውቋትም፤ ወደዚህ ወደ ዶሃ፣ ወደ ቢን ኦምራን እምብዛም አትመጣም፣ መዝረዓ ላይ ናት። መዝረዓ የሚሉት የእርሻ ቦታቸውን ነው። የእኛ ባባ፣ የቤቱ ጌታ፣ ከከተማ ወጣ ብሎ፣ ወደ ኡም ሰላል በኩል አንድ አለው።

ቤታችን የመጣችው አምና ከፋሲካ በኋላ ነበር። ሰነፍ አይደለችም፤ ሰነፍ ብትሆንማ ይህ ሁሉ ወሬ ባልኖረ። እጇ አያርፍም። የማዳምን የብር ዕቃ በሽቦ ፈትጋ ውበቱን አጠፋችው። የመጅሊሱን፣ የእንግዳ መቀበያውን፣ ምንጣፍ በክሎሮክስ አጥባ መሃሉን አነጣችው። ሲቆጧት ደግሞ ዓይኗ እንባ ሞልቶ «ቆሻሻ እኮ ነበረው» ትላለች። ማዳም ክፉ ሰው አይደለችም፤ ምንጣፉ ግን የእናቷ ነበር። «ኸላስ፣ ወደ መክተብ ትመለስ» አለች። መክተብን ታውቁታላችሁ፣ ያመጣን ቢሮ ነው። እዚያ የተመለሰች ልጅ ወይ ሌላ ቤት ታገኛለች፣ ወይ ሻንጣዋን ይዛ ወደ አገሯ ነው። ትሁት ደግሞ አገር ቤት እጇን እያየ የተቀመጠ ቤተሰብ አላት።

እኔ በዚያ ቤት ሳበስል የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ማዳም አንዳንዴ ትሰማኛለች። «እናንተ ለሙቀቱ ወራት ውጭ መሄዳችሁ ነው፤ መዝረዓው ላይ ትሞከር፣ እኔም አብሬያት እሆናለሁ» አልኳት። ሳቅ አለችና «እሺ፣ እዚያ የሚሰበር ነገር የለም» አለች። ቀጥላ ግን ጣቷን አነሳች፤ ሲመለሱ መዝረዓው ደህና ሆኖ ከቆየ ትሁት ትቀራለች፣ የተበላሸ ነገር ካለ መክተብ። ትሁት ከጀርባዬ ቆማ ሁሉንም ሰማች።

መዝረዓው ላይ ፍየሎቹን የሚጠብቀው ባዬ ነው። ቀልድ አያልቅበትም። ስለ ፍየሎቹ ከተነሳ ግን ፊቱ ይቀየራል፤ እያንዳንዷን በስሟ ነው የሚጠራት። የባባ ቤተሰብ ደግሞ ፍየሎቹን ከሰው እኩል ነው የሚወዳቸው፤ ማዳም ከውጭ ስትደውል መጀመሪያ የምትጠይቀው እነሱን ነው።

የመብራት መስመር እዚያ አልደረሰም። ድሮ ውሃው የሚወጣው በናፍጣ ጄኔሬተር ነበር፤ ሲያጓራ ይውላል፣ ሲበላሽ ደግሞ ይከርማል። ባባ እሱን አስነስቶ በፀሐይና በነፋስ የሚሠራ አስተከለ። የገባኝን ያህል ልንገራችሁ። በአንድ በኩል ሶላሮቹ አሉ፣ እንደ ትልልቅ የመስኮት መስታወት ሆነው ወደ ሰማይ ያዘነበሉ። በሌላ በኩል ረጅም ምሰሶ ቆሟል፣ ጫፉ ላይ ነፋስ ሲነካው የሚዞር ክንፍ አለው። የሁለቱም ሽቦ አንድ ሳጥን ውስጥ ይገባል፤ ከሳጥኑ ደግሞ ጉድጓዱ ውስጥ ወዳለው ፓምፕ ይሄዳል። ባትሪ የሚባል የለውም። ፀሐይ ወይም ነፋስ ካለ ውሃው ተገፍቶ ከፍ ብሎ ወደተቀመጠው ሮቶ ይወጣል፤ ከሮቶው በራሱ እየወረደ ወደ ፍየሎቹ ገንዳና ወደ ተምሮቹ ይሄዳል። ሌሊት ነፋስ ካለ ሌሊትም ይቀዳል። አንዱ ሲደክም ሌላው ይሸከምለታል፣ እንዲያ ነው ነገሩ።

የጉድጓዱ ውሃ ግን ጨዋማ ነው። ፍየልና ተምር ይችሉታል፣ ሰው አይችለውም። ለእኛ የሚጠጣ በቦቴ ይመጣና ከኩሽናው ጎን በቆመች ትንሽ ሮቶ ይቀመጣል። ቦቴው ሲለው ይመጣል፣ ሲለው ይቀራል።

እንግዲህ ትሁት በደረስን ማግስት አቧራ የለበሱትን ሶላሮች አየች። እኛ የዶሃ ሠራተኞች ጠዋት ስንነሳ የምንሠራውን ታውቃላችሁ። የውሃ ጎማ ይዘን ሆሹን፣ ግቢውን ማለቴ ነው፣ ደረጃውን፣ የአጥሩን በር፣ ያገኘነውን ሁሉ እናጥባለን፤ ካላጠብን የሠራን አይመስለንም። ትሁትም ጎማዋን ከገንዳው መስመር ላይ ሰክታ፣ ሊነጋጋ ሲል ሶላሮቹን ታጥብ ጀመር። ከሚጠጣው ውሃ ያልወሰደችው ለሰው ቆጥባ ነው። በየቀኑ ታጥባለች፣ በየቀኑ ፀሐይዋ ወጥታ ታደርቀዋለች። ውሃው ይሄዳል፣ ጨው ይቀራል። በጨው ላይ አቧራ፣ በአቧራው ላይ ደግሞ የነገው ውሃ። ባዬ በዚያ ባለፈ ቁጥር «መስታወቱ ሽበት አወጣ እኮ!» ይላታል። እሷ «ንጹሕ ነገር አይተው ስለማያውቁ ነው፣ ጋሽ ባዬ» ትለዋለች። ይሳሳቃሉ።

ማንም ነገሬ ያላለው ነፋሱ ስለነበረ ነው። ያን ሰሞን ሸማል የሚሉት የሰሜን ነፋስ ቀንም ሌትም ይነፍሳል፤ ክንፉ ሲያፏጭ ይውላል፣ ሮቶው ሞልቶ ይፈሳል። ባዬ የሚያየው ሮቶውን ነው፤ ሮቶው ሙሉ ከሆነ ሌላ ምን ሊያይ? ሶላሮቹ ከሥራ ከወጡ ቆይተው ነበር፣ ነፋሱ ብቻውን የሁለት ሰው ሥራ እየሠራ።

ፍልሰታ ከገባ በኋላ አንድ ጠዋት ስንነሳ ጸጥ ብሏል። ቅጠል አይነቃነቅም። ያ የነሐሴ እርጥበት መጣ፣ ልብስ ገላ ላይ የሚያጣብቀው። ክንፉ ምሰሶው ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። የዚያን ቀን በሮቶው ውሃ አለፈ። በማግስቱ ወደ እኩለ ቀን ግድም እኔና ትሁት ለጾም መፍቻ ሽሮ እየሠራን ሳለ ባዬ በሩ ላይ መጥቶ ቆመ።

«እትዬ አፀደ፣ ፍየሎቹም ፍልሰታ ያዙ እንዴ?»

የሚቀልድ መስሎኝ «ከአንተ ይሻላሉ፣ ሳይሰርቁ ይጾማሉ» አልኩት።

አልሳቀም። «ገንዳው ደርቋል። ሮቶውን መታ መታ ባደርገው ባዶ ነው የሚጮኸው።»

ወጣን። ሙቀቱ ፊት ላይ እንደ ምድጃ ነው። ፍየሎቹ ከበረቱ ጥላ ሥር አፋቸውን ከፍተው ያለከልካሉ። ግልገሎቹ ደረቁን ገንዳ ይልሳሉ። ሳጥኑ ላይ ቀይ መብራት በርቷል።

«ምን ዓይነት ነገር ነው?» አለ ባዬ ወደ ሰማይ እያየ። «እኛን እንዲህ እየጠበሰን ፓምፑን ማስነሳት አቃተው? ሶላር የሚባለው ከዚህ የባሰ ምን ፀሐይ ይፈልጋል?»

የቦቴውን ሹፌር ደወልንለት፤ «ቡክራ፣ ኢንሻአላህ»፣ ነገ ማለቱ ነው፣ ብሎ ዘጋው። የጎረቤቱ መዝረዓ ለሙቀቱ ተዘግቷል። የቤቱ ሹፌር ለእረፍት አገር ቤት ነው። ከአስፋልቱ ደግሞ ሩቅ ነን፤ ለዚያ ሁሉ ፍየል የሚበቃ ውሃ ተሸክሞ የሚመጣ ሰው የለም። በዚያ ሙቀት ውሃ ያላገኘ ፍየል ብዙ አይቆይም። ባዬ ይህን ሲናገር ድምፁ ዝቅ አለ።

«ለማዳም ልደውል መሰለኝ» አልኩ።

ትሁት ክንዴን ያዘችኝ። «በእመቤቴ ይዤዎታለሁ፣ እትዬ። ዛሬ ከደወሉላት ዛሬውኑ መክተብ ነኝ። መጀመሪያ እንሞክር። ካልሆነ ይደውሉ።»

እውነቷን ነው፤ ሩቅ አገር ያለች ማዳም ውሃ ይዛ አትደርስልንም። ስለዚህ ለስዩም ደወልን። ስዩም ይህን ፓምፕ ከተከሉት መሃል ነው፤ ሙሸይሪብ ቢሮ ባለው ድርጅት የሚሠራ፣ የተማረ፣ ደግሞም ኩራት የሌለው የአገራችን ልጅ ነው። ቪዲዮ አስከፈተን።

«ክንፉን አሳዩኝ... እሺ፣ ነፋስ የለም። ሳጥኑን... እሺ። አሁን ሶላሩን አሳዪኝ እህቴ። ጠጋ በይ። እንዴ! ምንድን ነው ይሄ፣ ኖራ ቀባችሁት እንዴ?»

ባዬ ወደ ትሁት ዞረ።

«ማነው የሚያጥበው?»

«እኔ ነኝ» አለች ትሁት።

«በምን ውሃ?»

«ከገንዳው መስመር።»

«በጉድጓዱ ውሃ? አይይ፣ እህቴ። ጨው ነዋ የጋገርሽበት!» አለ፣ ሳይቆጣ። ከዚያ አስረዳን። ፀሐይዋ በዚያ ቅርፊት ውስጥ አታልፍም፤ የምታልፈው ጥቂቷ ደግሞ ፓምፑን ለማስነሳት አትበቃም። እስከ ዛሬ ያጠጣቸው ነፋሱ ነው። እሱ ራሱ አል ወክራ በኩል ሥራ ላይ ስለሆነ ቢነሳ እንኳ የሚደርሰው ፀሐይ ከገባች በኋላ ነው፤ ያኔ ቢታጠብም ጥቅም የለውም። «ማብሪያ ማጥፊያውን ዝጉ። የሚጠጣ ውሃ ላይ አቼቶ ጨምሩ፣ ለስላሳ ስፖንጅ ያዙ። ቅርፊቱ በአቼቶው እስኪርስ ታገሡት፣ ከዚያ በደንብ አለቅልቁት፣ ቅንጣት ጨው እንዳይቀር። ሽቦ አይነካውም! መስታወቱ ስለጋለ ደግሞ ቀዝቃዛ ውሃ እንዳታፈሱበት፣ ይሰነጠቃል።»

«ቀዝቃዛ?» አለ ባዬ። «በነሐሴ፣ ዶሃ ላይ፣ ቀዝቃዛ ውሃ? ሮቷችን እንቁላል ይቀቅላል እኮ ወንድሜ!»

ስዩም ሳቀ። «እሱስ ልክ ነህ። ያላ፣ በርቱ፣ ሲነሳ ደውሉልኝ።»

ስልኩ ሲዘጋ የትንሿን ሮቶ ክዳን ከፍተን አየን። ውሃው ከታች ቀርቷል፤ ቦቴው ከቀረ ቆይቶ ነበርና። ባዬ ክዳኑን እንደያዘ «ይሄ ለፍየሎቹ ነው» አለ።

«አንዴ ጠጥተውት ያልቃል» አለች ትሁት።

«ይለቅ! አንድ ቀን ያድራሉ። ነገ ቦቴው ይመጣል።»

«ባለፈውም ነገ ብሎ ነበር፣ ጋሽ ባዬ።»

«አንቺ ዝም በይ! አንቺ እጅሽን ብትሰበስቢ ኖሮ እዚህ አንደርስም ነበር።»

«አዎ፣ ባላጠብኩት ይሻል ነበር» አለች። «አሁን ግን ታጥቧል። ካላስለቀቅነው ነገም ያው ነው፣ ከነገ ወዲያም ያው ነው።»

«ባይነሳስ? ውሃውን መስታወት ላይ ደፍተን ባይነሳስ? ምን ብዬ ነው ዓይናቸውን የማየው?»

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ፣ ትልቅ ሰው ስለሆንኩ እንጂ ከእነሱ የተሻለ ስላወቅሁ አይደለም። «ግልገሎቹና የሚያጠቧቸው እናቶቻቸው ትንሽ ትንሽ ይቅመሱ» አልኩ። «ሌላው ለመስታወቱ። ለእኛ ኩሽና ውስጥ የታሸገ አለ፣ ጾማችንን እሱ ይፈታልናል።» ባዬ ፍየሎቹን ሲያይ ቆየ። ከዚያ ባልዲውን ራሱ አነሳ።

ለግልገሎቹና ለእናቶቻቸው በሳህን ሰጠን። ሌሎቹ ውሃው ሲሸታቸው እየተጋፉ መጡ፤ ባዬ በክንዱ እየገፋ «ቆዩኝ፣ ቆዩኝ እናቶቼ» ይላቸዋል። ያን ማየት ከሙቀቱ የባሰ ነበር።

አቼቶውን እኔ አመጣሁ፣ ሰላጣ የምሠራበትን። ትሁት ጠጋ ብላ የመጀመሪያውን ሶላር አራሰችው። ያች ያገኘችውን ሁሉ የምትፈትግ ልጅ፣ ሊያለቅስ የደረሰ ሕፃን ፊት የምታጥብ ይመስል ስፖንጁን ቀስ ብላ ታሳርፋለች፣ ትጠብቃለች፣ ታነሳለች። ባዬ ቸኩሎ «ጫን በይው እንጂ!» ሲላት «አይሆንም፣ ይጫራል» አለችው። ቅርፊቱ መጀመሪያ ነጭ ወተት እየሆነ ወረደ። ቀጥሎ ከሥሩ ጥቁሩ መስታወት ብቅ አለ። ያኔ ነው ምን ያህል ሸፍኖት እንደነበር ያየነው።

ከአንዱ ወደ ሌላው አለፍን። ባዬ ውሃ ያቀብላል፣ እኔ በጨርቅ አደርቃለሁ። ከሩቅ የዓስር አዛን ተሰማ፤ ፀሐይዋ ማዘንበል ጀምራለች። የመጨረሻው ሶላር ላይ ስንደርስ ውሃው አለቀ። ትሁት ባዶውን ባልዲ ገለበጠችው፣ አንድም አልወረደም። «ተዪው» አለ ባዬ፣ «በቃ፣ በእነዚህ እንሞክር።»

ማብሪያውን እሱ ነው የከፈተው። ቀዩ መብራት በራ። ቆምን። ቀይ ነው። ትሁት መሬት ላይ ቁጭ አለች። ባዬ ፊቱን ወደ በረቱ አዞረ፤ እኔ የእመቤታችንን ስም እየጠራሁ ነበር። ስዩም ሳጥኑ ሲከፈት ትንሽ እንደሚቆይ አልነገረንም፤ ወይ ነግሮን አልሰማንም። ብቻ ከመቼው እንደሆነ እንጃ፣ ቀዩ ጠፍቶ አረንጓዴው በራ። ከጉድጓዱ በኩል ጉርምርምታ መጣ። ቧንቧው ሳል ሳል አለው፣ አየር ተፋ፣ ቀጥሎ ቀጭን ውሃ።

ከእኛ ቀድመው የሰሙት ፍየሎቹ ናቸው። ባዬ ወደ ሮቶው የሚሄደውን መስመር ፈትቶ በቀጥታ ገንዳው ላይ ለቀቀላቸው። እያለቀሰ ነበር የሚሳደበው፤ «አንቺ ልጅ፣ አንቺ የጨው ነጋዴ!» ይላታል። ትሁት ጉልበቷን አቅፋ እየሳቀችም እያለቀሰችም ነው።

አንዷ ግን አልተነሳችም። አሮጊቷ፣ ባዬ ወይዘሮ የሚላት። ውሃ በእጁ ወደ አፏ ቢያስጠጋላትም አልዋጠችውም። ፀሐይ ሳትገባ ሞተች።

ከቀበራት በኋላ ባዬ መጥቶ አጠገባችን ተቀመጠ። እጁን እየታጠበ «ስሙኝ» አለ። «ሙቀት ገደላት እንላለን። በነሐሴ ፍየል ይሞታል፣ ባባም ያውቀዋል። ሶላሩም ጸድቷል፣ ፓምፑም ይሠራል። ስዩምን እኔ አናግረዋለሁ፣ የአገር ልጅ ነው፣ ዝም ይላል። ልጅቷ እንጀራዋን ትብላ።»

ደግ ሰው ነው ባዬ። ፍየሏን እንደ እናቱ ነበር የሚወዳት።

ትሁት ወደ እሱ ዞረች። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሽ ባዬ። ግን እኔ ዝም ብል፣ ነገ እኔ ወደ ከተማው ቤት ስመለስ ሌላ ልጅ እዚህ ትመጣለች። ማዳም 'ሶላሩን እጠቢ' ትላታለች። እሷም የሚጠጣውን ለመቆጠብ ያንኑ ጎማ ትይዛለች። ነፋስ ካለ ደግሞ ማንም አያውቅም።»

«እና?»

«እናማ ልናገር።»

«መክተብ ብትልሽስ?» አልኳት።

«ትበለኛ» አለች። ስልኩንም አነሳች።

እነማዳም ያሉበት አገር ገና ቀን ነው። ትሁት ባላት አረብኛ፣ ቃል ሲጠፋት እየቆመች፣ ሁሉንም ነገረቻት፤ ጎማውን፣ የጉድጓዱን ውሃ፣ ጨዉን፣ ፍየሏን።

«ማነው በጉድጓዱ ውሃ እጠቢ ያለሽ?»

«ማንም፣ ማዳም። እኔ ነኝ።»

«የትኛዋ ናት የሞተችው?»

ነገረቻት። ከኋላ የባባ ድምፅ «ፓምፑ ይሠራል ወይ?» ሲል ተሰማ። «ይሠራል፣ ባባ» አለች። ማዳም «ስመለስ እናያለን» ብላ ዘጋች።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት ለትሁት ቀላል አልነበሩም። ሻንጣዋን አዘጋጅታ አልጋዋ ሥር አስቀምጣለች። ሥራዋን ግን አልተወችም፤ ቦቴው በመጣ ቁጥር ከሚጠጣው ለሶላሮቹ ትለያለች፣ ጠዋት ሳይሞቅ ታጥባለች፣ ከዚያ ሳጥኑን ታያለች፣ ነፋስ ቢኖርም ባይኖርም።

እነማዳም ሲመለሱ በማግስቱ መዝረዓው መጡ። ማዳም ሶላሮቹን በጣቷ ነካ ነካ አድርጋ አየች፤ በረቱን ዞረች። ባዬ እጁን አጣምሮ ቆሟል፤ እኔም ቆሜያለሁ። ትሁትን ጠራቻት።

«ይህን ከሙሃንዲሱ አፍ ብሰማው ኖሮ ዛሬ መክተብ ነበርሽ» አለቻት። «ቤት ግን አልመልስሽም። እዚህ ሁኚ፣ ከባዬ ጋር። ሶላሮቹ ያንቺ ናቸው፤ የተበላሸ ቀን የምጠይቀው አንቺን ነው።»

ትሁት «ሓድር፣ እሺ ማዳም» አለች። ደስታም አልነበረም፣ ኀዘንም አልነበረም ፊቷ ላይ። ልጅ ናት፣ ከተማው ይናፍቃታል፣ እዚያ ደግሞ ከፍየልና ከባዬ ቀልድ በቀር የሚሰማ የለም። ግን ወደ መክተብ አልተመለሰችም። ሻንጣዋን ስትፈታ አብሬያት ነበርኩ፣ ልብሷን አንድ በአንድ አጣጥፋ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ስትደረድር። ዘንድሮም እዚያው ናት።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ሁሉም ማዳም እንዲህ ናት ብዬ አልዋሻችሁም። ተናግራ የተባረረችም አውቃለሁ። ግን ሥራ ላይ ያጠፋችሁ ዕለት፣ ነገሩ ደህና የሠራ መስሎ እንደዚያ ነፋስ ሌላ ነገር ሸፍኖላችሁ ሊሆን ይችላል፤ ዝም ከማለታችሁ በፊት ከእናንተ በኋላ በዚያው ቦታ የምትቆመዋን ልጅ አስቡ። ስሟን እንኳ የማታውቋትን። አደራ፣ እሷን አስታውሱልኝ።